መጨረሻው በር ላይ ደርሼ የተውኩት ጌም፤ እናንተስ ምን ጀምራችሁ ተዋችሁ?

ነፍስ_አንድ
ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ልናዘዝ ነው የመጣሁት።

አንድ ጌም 94 ሰዓት ተጫውቼ የመጨረሻው ቦስ (ዋናው ጠላት) በር ላይ ስደርስ ተውኩት። ተሸንፌ አይደለም። ገብቼ እንኳ አልሞከርኩም። በሩ ፊት ሴቭ አደረግኩና «ነገ ረጋ ብዬ» ብዬ አጠፋሁት። ይኸው አምስት ወር አለፈው።

ቅዳሜ ለት ከፈትኩት። ሰውዬዬ እዚያው በሩ ፊት ቆሟል። ካባው በነፋስ ይውለበለባል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ ግን የቱ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ጠፍቶኛል። ለመከላከል ብዬ የተጫንኩት ቁልፍ ስንት ወር የቆጠብኩትን መድኃኒት አስጠጣው። ደንግጬ ደግሜ ስጫን ሁለተኛውን ጨለጠው። ቦርሳውን ብከፍት 38 ዓይነት ዕቃ አለ፤ ግማሹን ለምን እንደሰበሰብኩት አላውቅም። አንዱ ቁልፍ «የአሮጊቷ ቁልፍ» ይላል። የቷ አሮጊት? ዘግቼው ወጣሁ።

ከዚያ ሳስበው እሱ ብቻ አይደለም። ግማሽ ላይ የቀሩ አራት ልብ ወለዶች አሉኝ። ሲዝን ሦስት ላይ የቆሙ ሁለት ድራማዎች አሉኝ። ጀምሬ የተውኩት ፊልም ግን አንድም ትዝ አይለኝም። ለምን ይሆን? እናንተስ ምን ትታችኋል? ይቆጫችኋል ወይስ ላሽ ብላችሁ ትረሱታላችሁ?

ሪሞቱ_የኔ
የትኛው ጌም ነው?

ነፍስ_አንድ
አልናገርም። ከተናገርኩ መጨረሻውን የሚነግረኝ እዚህ ቤት አይጠፋም።

ሪሞቱ_የኔ
ክፉው ሰውዬ ያሳደገው መምህሩ ነው።
(ቀልዴን ነው። ግን ሁልጊዜ መምህሩ ነው።)

ገጽ_47
ስሜ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ? አልጋዬ አጠገብ ያለ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ገጽ 47 ላይ ቆሞ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ዕልባቱ የሆነ ደረሰኝ ነው፤ ጽሑፉ ደብዝዞ የምን እንደነበር እንኳ አይነበብም። መጽሐፉን ከጎን ስታዩት እስከ 47 ያለው ጠርዝ በጣቴ ብዛት ጠቆር ብሏል። የቀረው ንጹሕ ነጭ ነው። የት ላይ እንደከዳሁት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳብቅብኛል።

ግን ለራሴ መከላከያ አለኝ። ናንሲ ፐርል የምትባል አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ «የ50 ሕግ» የምትለው አላት። መጽሐፉን 50 ገጽ ሞክሪው፤ ካልያዘሽ ያለ ጸጸት ተይው። ዕድሜሽ ከ50 በላይ ከሆነ ደግሞ ከ100 ላይ ዕድሜሽን ቀንሺ፣ የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ አንብቢ። ጊዜሽ ባጠረ ቁጥር የመተው መብትሽ ይሰፋል ማለት ነው። እኔ ሦስት ገጽ ይቀረኛል። እሷን ጨርሼ በሕጋዊ መንገድ እፋታዋለሁ።

ብራና
ልጆች፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው። በዚህች ሴትዮ ሒሳብ 32 ገጽ ይበቃኛል። ደስ የሚል ሕግ ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ጦርነትና ሰላም» 361 ምዕራፍ አለው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ትቼዋለሁ። ያሸነፈኝ ርዝመቱ አይደለም፤ ምዕራፎቹ እኮ አጫጭር ናቸው። ያሸነፈኝ ስማቸው ነው። አንዱን ሰው ገጽ 10 ላይ በስሙ፣ ገጽ 12 ላይ በአባቱ ስም፣ ገጽ 15 ላይ በቁልምጫ ይጠሩታል። እኔ ሦስት ሰው ይመስለኛል። አንዱ ሲሞት ሁለቱ አሉ ብዬ እጽናናለሁ።

በሦስተኛው ሙከራ አንድ ወረቀት አጥፌ ስሞቹን ጻፍኩበትና መጽሐፉ ውስጥ ከተትኩት። በዚያች ወረቀት ወጣሁት። የ50ን ሕግ ተከትዬ ቢሆን ኖሮ ቀርቶብኝ ነበር።

አሁን ጥያቄዬን ስሙኝ። መጨረሻ ላይ ሁለተኛው ማሳረጊያ የሚባል ክፍል አለ። ታሪክ የለውም፣ ሰውም የለውም። ቶልስቶይ ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው እያለ ይከራከራል። እሱን አላነበብኩም። ታዲያ እኔ መጽሐፉን ጨርሻለሁ ወይስ አልጨረስኩም?

ሪሞቱ_የኔ
ጨርሰዋል ጋሼ። ፊልም አልቆ ስሞቹ ሲጻፉ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው የለም።

ጨርስ_ወይ_ዝም_በል
አልጨረሱም። ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ሕግ ሕግ ነው።

በአጠቃላይ ይሄ ነገር አይመቸኝም። ሰው 20 ደቂቃ አይቶ «ቀሽም ፊልም» ብሎ ይጽፋል። ሁለት ክፍል አይቶ ድራማውን ይቀብረዋል። ቀስ ብለው የሚይዙ ሥራዎች አሉ እኮ። ደራሲው መጀመሪያ ላይ የጣላት ነገር ምን እንደሆነች መጨረሻ ላይ ነው የምትገባችሁ። ያልጨረሰ ሰው አስተያየት መስጠት የለበትም።

ሪሞቱ_የኔ
«ከ20 ሰዓት በኋላ ይጥማል» ከሚሉት ወገን ነህ መሰለኝ። አንድ ጓደኛዬ ስለ አንድ ጌም እንደዚያ አለኝ። ሃያ ሰዓት እኮ አሥር ፊልም ነው! አሥር ፊልም ሙሉ ደብሮኝ አሥራ አንደኛው ላይ ልደሰት?

ገጽ_47
@ጨርስ_ወይ_ዝም_በል በከፊል እስማማለሁ። እኔ የሚያናድደኝ መተዉ ሳይሆን መደበቁ ነው። «ሦስተኛው ክፍል ላይ ተውኩት፣ ያስተወኝም ይሄ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለእኔ ይጠቅመኛል። እንዲያውም በትዕግሥት ጨርሶ «ጥሩ ነው» ብቻ ከሚለው ይልቅ ይሄኛው ብዙ ይነግረኛል። ሰው ሥራውን የት ላይ ጥሎት እንደሄደ ማወቅ ራሱ ሒስ ነው።

ደግሞ የፈረንሳዩ ደራሲ ዳንኤል ፔናክ በ1992 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባወጣው መጽሐፍ የአንባቢን አሥር መብቶች ዘርዝሯል። የመጀመሪያው አለማንበብ ነው። ሁለተኛው ገጽ መዝለል። ሦስተኛው አለመጨረስ። ጋሼ ብራና በቁጥር ሁለት ነፃ ወጥተዋል።

ብራና
ተባረኪ ልጄ።

ደረጃ_256
እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። «ጨረስኩ» የሚባለው ነገር በጌም ዓለም ድሮ ብዙም አልነበረም። የጥንቶቹ ጌሞች የተሠሩት እስክትሞቱ ድረስ እንድትጫወቱ ነው።

ፓክማንን ውሰዱ። በ1980 ሲወጣ መጨረሻ የለውም። የደረጃው ቁጥር የሚቀመጠው በአንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ 256ኛው ደረጃ ላይ ስትደርሱ ሒሳቡ ይዞርበታል። የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በምልክት ይሞላል። ግራው ደህና ነው፤ መናፍስቱም እንደ ልማዳቸው ያባርሯችኋል። ግን የሚበሉት ነጥቦች ስለማይሟሉ ማለፍ አይቻልም። ማንም መጨረሻ ብሎ የሠራው አይደለም። ስሕተት ነው፤ ግን መጨረሻ ሆነ። (አዎ፣ ስሜ ከዚያ ነው።)

ቴትሪስ ደግሞ ይባስ። በ1989 ለኔንቴንዶ የወጣውን ቅጂ ሰው ሊጨርሰው ይችላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። በ2023 መጨረሻ ላይ አንድ የ13 ዓመት ልጅ 157ኛው ደረጃ ደረሰ፣ ጌሙም ቀጥ አለ። 34 ዓመት ሙሉ ማንም ሰው እዚያ አልደረሰም ነበር። ሲቆም ልጁ ወንበሩ ላይ የሆነውን ብታዩት! እጁን ራሱ ላይ አድርጎ መተንፈስ አቅቶታል። አሁን እስቲ ንገሩኝ፣ ልጁ ነው ጌሙን የጨረሰው ወይስ ጌሙ ነው ያለቀበት?

ጨርስ_ወይ_ዝም_በል
ይሄ እንኳ ጨርሷል። ለእሱ አስተያየት እንዲሰጥ ተፈቅዶለታል።

ሪሞቱ_የኔ
የተከታታይ ድራማ መተው ለየት ይላል። ማንም ድራማ «ተውኩ» ብሎ አይተውም። «ማታ አየዋለሁ» ይላል፣ ማታው አይመጣም። በኋላ መተግበሪያውን ስትከፍት «ማየት ይቀጥሉ» በሚለው ረድፍ ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁሃል። ከሥር ቀይ መስመር አለች። የአንዱ ቀይ መስመር ሁለት ጣት ያህል ናት፤ 11ኛው ደቂቃ ላይ ማለት ነው። 11ኛው ደቂቃ ላይ ምን ሆኜ እንደተነሣሁ እግዜር ይወቀው። ምናልባት ስልክ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ ድራማ ገደለ።

የምቆጨው ግን በተውኩት ሳይሆን በጨረስኩት ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከ2011 እስከ 2019፣ 73 ክፍል። የመጨረሻው ሲዝን ስድስት ክፍል ነው። 67ኛው ላይ ብተወው ኖሮ እስከ ዛሬ ከምወዳቸው ሦስት ድራማዎች አንዱ ይሆን ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ቀስ ብሎ የሄደ ታሪክ በስድስት ክፍል ሲሮጥ ማየት! የታሪኩ ሰዎች አንዱን አገር ለማቋረጥ ድሮ አንድ ሲዝን ይፈጅባቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ቁርስ ሳይደርስ ይደርሳሉ።

ድራማው የተነሣባቸውን መጽሐፎች የሚያነቡትማ አያሳዝኑም? አምስተኛው በ2011 ወጣ፣ ስድስተኛውን ይኸው ይጠብቃሉ። እኛ ጀምረን ተውን ብለን እንናዘዛለን፣ ደራሲው ራሱ መች ጨረሰ!

ብራና
ደራሲው ያልጨረሰውማ ብዙ ነው። ጎጎል የ«ሙታን ነፍሳት»ን ሁለተኛ ክፍል በ1852 እሳት ውስጥ ከተተው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱም ሞተ። ዲከንስ የመጨረሻ ልብ ወለዱን በአሥራ ሁለት ወርኃዊ ክፍል ሊያወጣ አስቦ ስድስቱን ጽፎ በ1870 አረፈ። ታሪኩ ደግሞ የጠፋ ሰው ታሪክ ነው። ሰውዬው ተገድሏል ወይስ ተሰውሯል፣ ገዳዩስ ማነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

የካፍካ «ቤተ መንግሥቱ» ደግሞ ዓረፍተ ነገር መሐል ነው የሚቆመው። መጀመሪያ ሳነበው የመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጠል የተገነጠለ መስሎኝ ያዋሰኝን ሰው ተቆጥቼዋለሁ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ያነሣብኛል።

የመጨረሻ_ወንበር
የነፍስ_አንድን ጥያቄ ማንም አልመለሰም እኮ። ፊልም ለምን አይተውም?

የእኔ መልስ ጉልበት ነው። የሌሎች ሰዎች ጉልበት። ሲኒማ ቤት መሐል ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከሆነ ለመውጣት የስምንት ሰው ጉልበት መርገጥ አለባችሁ። በጨለማ አጎንብሳችሁ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ማለት አለባችሁ። ከዚያ ሁሉ ሼም ቀሪዋን 40 ደቂቃ መቻል ይሻላል። ለዚህ ነው እኔ ዳር ላይ የምቀመጠው።

የሚገርመው ግን ይሄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ማየት ራሱ ያን ያህል አሮጌ ልማድ አይደለም። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ፊልም ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ ሰው የተመቸው ሰዓት ይገባል። ፊልሙ መሐል ላይ ይደርሳል፣ መጨረሻውን ያያል፣ እንደገና ሲጀምር መጀመሪያውን ያይና የገባበት ቦታ ሲደርስ ተነሥቶ ይሄዳል። ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ግን ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አስደረገ። ምክንያቱም ዋናዋ ተዋናይት ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ትሞታለች። አርፍዶ የገባ ሰው እሷን ሲጠብቅ ፊልሙ ሊያልቅበት ነው። (ከ60 ዓመት በላይ ያለፈውን ስፖይለር ነው ብሎ የሚከሰኝ ካለ ይምጣ።)

እጥፍ_ፍጥነት
እኔ ምንም አልተውም። ምክንያቱም ሁሉን በ1.5 ፍጥነት ነው የማየው። ሞክሩት፣ ትገላገላላችሁ።

የመጨረሻ_ወንበር
ወይ ጉድ። ፊልም ነው ወይስ ዕዳ የምትገላገለው?

እጥፍ_ፍጥነት
ጆሮ ይለምዳል። ከሳምንት በኋላ በትክክለኛው ፍጥነት የሚያወራ ሰው ሁሉ የሰከረ ይመስልሃል።

የመጨረሻ_ወንበር
እሺ፣ የኩብሪክን «2001» በዚያ ፍጥነት አይተኸዋል? መጀመሪያ ላይ ወደ 25 ደቂቃ ያህል አንድም ሰው ቃል አይናገርም። ዝንጀሮ መሰል ፍጡራን፣ ድንጋይ፣ አጥንት፣ ከዚያ ጠፈር። አንተ ጋ 17 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ስምንት ደቂቃ ዝምታ አተረፍክ። ምን ሠራህባት?

እጥፍ_ፍጥነት
ሌላ ፊልም ጀመርኩ።

ገጽ_47
መልሱ ጭካኔ አለበት ግን አሳቀኝ 😂

ሚሞሪ_ካርድ
እኔ አንድም ጌም በፈቃዴ ትቼ አላውቅም። ነጥቀውኝ ነው።

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሚሞሪ ካርድ ትዝ የሚላችሁ አላችሁ? 15 ብሎክ ብቻ ነበራት፤ በጠቅላላ 128 ኪሎባይት። ዛሬ አንዲት ደብዛዛ ፎቶ አትበቃትም። በቤታችን ያለችው አንዲት ካርድ ነበረች፣ ለሦስት ልጅ። በስምምነት አምስት አምስት ተከፋፍለናል። ታናሽ ወንድሜ የኳስ ጌሙን ውድድር ሴቭ ሊያደርግ ሲል ቦታ አነሰው። ስክሪኑ «ያለውን ልሰርዝ?» ብሎ ጠየቀው። ማንበብ ገና አይችልም ነበር። ሁለት ምርጫ አየ፣ መጀመሪያ ያለውን ተጫነ።

ሦስተኛው ሲዲ ላይ ደርሼ ነበር። አስታውሳለሁ፣ የካርዱን ገጽ ስከፍት የጌሜ ትንሽ ምልክት የነበረበት ቦታ ላይ ኳስ ትሽከረከራለች። አላለቀስኩም። ቁጭ ብዬ ኳሷን ሳይ ቆየሁ።

ከዓመታት በኋላ መጨረሻውን ዩቲዩብ ላይ አየሁት። ሌላ ሰው ተጫውቶት፣ በሌላ ሰው ሰይፍ። ሙዚቃው ሲገባ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ግን የራሴ አልመስል አለኝ። ይሄስ ተቆጠረ ማለት ነው?

ጨርስ_ወይ_ዝም_በል
...ለአንተ ተቆጥሯል። ድንጋይ አይደለሁም።

ደረጃ_256
ማንም የሚሸማቀቅ ካለ ስቲም (የጌም መሸጫው) ላይ የሚወዱትን ረጅም ጌም የሽልማት ገጽ ይክፈት። እያንዳንዱን ሽልማት ስንት ከመቶው ተጫዋች እንዳገኘው ይታያል። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ስትወርዱ ሰዉ እንዴት እየተንጠባጠበ እንደቀረ ታያላችሁ። መግቢያውን ብቻ ያለፈው እንኳ ብዙ ጊዜ መቶ አይሞላም። ገዝቶ፣ ጭኖ፣ ከፍቶ፣ የመጀመሪያዋን በር ሳይሻገር የሄደ አለ። ነፍስ_አንድ፣ አንተ ከብዙው ሰው ርቀህ ነው የተውከው።

ቀስ_በል
ከባድ ስለሆነባችሁ የምትተዉም አላችሁ አይደል? እኔ ነኝ። «ሴለስት»ን (2018) የጨረስኩት በረዳት ሁነታው ነው። የጌሙን ፍጥነት መቀነስ ትችላላችሁ፣ አለመድከምን ትመርጣላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ጭራሽ አለመሞትን። ደስ የሚለው፣ ሲከፈት አያሳፍራችሁም። እኔ ፍጥነቱን ወደ 80 ከመቶ አወረድኩት፤ ያቺው ሃያ ከመቶ ነበረች ጣቴን ስታሸንፈኝ የነበረችው። «ዳርክ ሶልስ» ይህን ቢሰጠኝ እሱንም እጨርሰው ነበር። አልሰጠኝም፣ ተለያየን።

ጨርስ_ወይ_ዝም_በል
እሱ ላይ ሌላ ክር እንከፍታለን። እዚህ ከጀመርነው እስከ ነገ አንተኛም።

ገጽ_47
ነፍስ_አንድ፣ ከተነሣው ሁሉ በኋላ የአንተ ነገር ነው የከነከነኝ። ጌሙ አልደበረህም፣ 94 ሰዓት ተጫውተኸዋል። አልከበደህም፣ ገብተህ አልሞከርከውም። ማንም አልሰረዘብህም። እኔ ስገምት አንተ የፈራኸው ቦሱን አይደለም። ካለቀ በኋላ ማታ ማታ ምን እንደምትሠራ ነው የፈራኸው።

ነፍስ_አንድ
ነካሽኝ። ቆይ መጣሁ።

ነፍስ_አንድ
(ከሁለት ቀን በኋላ)
እሺ፣ ስሙኝ። ትናንት ማታ ከፈትኩት። በሩን ጀርባ ሰጥቼ ወደ መጀመሪያዋ መንደር ተመለስኩ። ቁልፎቹን በትንንሾቹ ተኩላዎች ላይ ተለማመድኩ። መጀመሪያ ላይ ያሯሯጡኝ የነበሩት አሁን በአንድ ምት ያልቃሉ፤ ትንሽ አሳዘኑኝ። አሮጊቷንም አገኘኋት። ቁልፉ የሣጥኗ ነው። 60 ሰዓት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤባት ዞሬያለሁ። ሣጥኑ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አለ። ይህ ጌም ዓሣ ማጥመድ እንዳለው ጭራሽ አላውቅም ነበር።

ሪሞቱ_የኔ
በሩስ?

ነፍስ_አንድ
ሐይቁ ዳር ነኝ አሁን።

ብራና
ስንት ያዝክ ልጄ?

ነፍስ_አንድ
ሦስት፣ ጋሼ። አንዱ ጫማ ነው።